ኤሊን ወደ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት

ባለፈው የካቲት አንድ እሑድ ማለዳ የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ የብስኩት ካርቶን አቅፎ ገባ። «እማማ፣ ምን ይዤ እንደመጣሁ ይገምቱ» አለኝ። ጫጩት ወይም ቡችላ መስሎኝ ክዳኑን ገለጥ ሳደርገው፣ ቅርፊቷ ላይ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ያለባት ኤሊ አንገቷን ሰብስባ ተቀምጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭነት መኪና የሚያሽከረክር ጎረቤታችን ከመተሐራ ወደ አዋሽ ሲጓዝ አስፋልት መሐል ያገኛታል። መኪና እንዳይረግጣት አንሥቶ ጋቢና ውስጥ አስገባት፤ ከዚያም በደሴና በአቀስታ በኩል አድርጎ መካነ ሰላም ድረስ ይዟት መጣ። የልጁ አባት ለሥራ ከቤት ከራቀ ወዲህ ልጁ ብቸኝነት እንደሚሰማው ስለሚያውቅ «ጓደኛ ትሁነው» ብሎ ሰጠው። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ደግነት ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ለአፍታ ራርቼ ነበር። አትጮህም፣ አትናከስም፣ ሣር ከበላች ይበቃታል፤ ልጁም ደስ ብሎታል፤ ትቀመጥ ይሆን ብዬ እያሰብኩ ቡና ልቆላ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ልጁ «ጠምቷታል» ብሎ ኤሊዋን ከሳፋ ውስጥ ከቷታል። ሳፋው የአምስት ወር እኅቱ ገላዋን የምትታጠብበት ነው። ውኃው ደፍርሷል። ሐሳቤ በዚያች ደቂቃ ተቆረጠ።

ኤሊዋ ለሦስት ቀን ያህል ጓሮ በነበረችበት ጊዜ የጎረቤት ሰው ሁሉ «ሲስተር፣ ኤሊ ደግሞ ምን ታደርጋለች?» እያለ ጠየቀኝ። በየከተማው በግቢያቸው ኤሊ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ለልጆች ማጫወቻ ብለው የሚያስቀምጡም አሉ። ስለዚህ ለጎረቤቶቼ የመለስኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

ዝም ያለውን ፍሪ

ነርስ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቀን የሕፃናት መመርመሪያው በሰው ተጨናንቆ ነበር። አንዱ ልጅ በጩኸት ቤቱን ያናጋዋል፤ ሌላው እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ዝም ብሏል። እኔ የሚጮኸውን አስቀደምኩ። አንዲት ነባር ነርስ መጥተው ዝም ያለውን ሕፃን አስወረዱት፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። በተቅማጥ የሰውነቱ ውኃ አልቆ ነበር። ግሉኮስ ተተከለለትና ተረፈ፤ የተረፈው ግን በእኔ አይደለም። «የሚያለቅስ ልጅ ጉልበት አለው። የምትፈሪው ዝም ያለውን ነው» አሉኝ። ይህን ቃል ጡረታ እስክወጣ አልረሳሁትም።

ኤሊም እንዲሁ ናት። ዝም ስላለች ደኅና ትመስላለች። ዝምታዋ ግን ሁለት ነገር ይደብቃል፤ አንዱ ለልጆቻችን የምታስተላልፈውን በሽታ፣ ሁለተኛው የራሷን ሥቃይ።

ሳትታመም የምታሳምም

ሳልሞኔላ የሚባል ተሕዋስ አለ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ታይፎይድ የዚሁ ተሕዋስ አንዱ ዓይነት ነው። ታይፎይድን የሚያመጣው ግን በሰው ላይ ብቻ የሚኖር ሲሆን፣ ሌሎቹ የሳልሞኔላ ዓይነቶች በእንስሳት አንጀት ውስጥም ይኖራሉ። በኤሊ፣ በእንሽላሊትና በእባብ አንጀት ውስጥ መገኘታቸው የተለመደ ነው። ኤሊዋን አያሳምሟትም፤ ትበላለች፣ ትሄዳለች። ተሕዋሱ ግን ከዓይነ ምድሯ ጋር እየወጣ በቅርፊቷ፣ በእግሯ፣ በተኛችበት ሣርና በነካችው ውኃ ላይ ይቀራል።

«በመድኃኒት አጽድተን እናስቀምጣት» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። አንቲባዮቲክ ተሕዋሱን ከኤሊ አንጀት ጨርሶ አያጠፋውም፤ ትርፉ መድኃኒት የለመደ ተሕዋስ መፍጠር ነው። ምርመራም ዋስትና አይሰጥም። ተሕዋሱ አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን አይወጣም፤ ዛሬ «የለባትም» የተባለች ኤሊ ነገ ሊገኝባት ይችላል።

ሰው ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ጤነኛ አዋቂ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያገግማል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ በተለይ ጨቅላዎች፣ እንደ እኔ ያሉ አዛውንቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ግን ሊከፋባቸው ይችላል። ተሕዋሱ ወደ ደም ገብቶ እስከ አንጎል ሽፋን የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ልብ በሉ፤ ሕፃኑ ኤሊዋን መንካት አያስፈልገውም። ታላቅ ወንድም ነክቷት ሳይታጠብ እኅቱን ያቅፋል፤ እናት የኤሊዋን ውኃ ቀይራ በዚያው እጇ ጡት ታጠባለች፤ ሳፋው ለሁለት ሥራ ይውላል። በእኛ ቤት ሊሆን የነበረው ይኸው ነው።

ይህ የነርስ ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ድሮ መዳፍ የማትሞላ ትንሽ ኤሊ ለልጆች መጫወቻ በየሱቁ ትሸጥ ነበር። ልጆች አፋቸው ውስጥ ሳይቀር ይከቷት ነበር። ብዙዎች ስለታመሙ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በታች የሆኑ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ ከለከለ። በዚያ ክልከላ በየዓመቱ ወደ 100,000 የሚሆኑ ልጆች ከሕመም እንደዳኑ ይገመታል። ሆኖም በየመንገዱ የሚሸጡ አልጠፉም። በ2007 በፍሎሪዳ ወር ያልሞላት ጨቅላ በሳልሞኔላ ሞተች፤ ከእርሷ የተገኘው ተሕዋስ በቤቱ ከነበረችው ትንሽ ኤሊ ከተገኘው ጋር አንድ ሆነ። ኤሊዋ በስጦታ የመጣች ነበረች። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለልጅ ልደት ኤሊ ለመግዛት ስታስቡ ይህን አስታውሱ።

«ዶሮስ?»

ጎረቤቴ እትዬ ሁለት ስኒ ቡና እስኪጨርሱ ካዳመጡኝ በኋላ «ታዲያ ዶሮ ከእኛው ጋር ያድር የለ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ዶሮና ጫጩትም ሳልሞኔላ ይይዛሉ። ዶሮ ነክቶ በሳሙና መታጠብ፣ ማደሪያዋን ከሰው መኝታ መለየት፣ ሕፃን በሚድህበት ወለል ላይ ኩሷን አለመተው ግዴታ ነው። ነገር ግን ዶሮ አየራችንን የለመደች ናት፤ ብትታመም ክንፏን ጥላ ታሳውቀናለች፤ አያያዟንም ከእናቶቻችን ተምረናል። የኤሊን አያያዝ ማን አስተማረን?

የቆላ እንስሳ በደጋ

የሁለተኛው ዝምታ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ኤሊ እንደ እኛ ሙቀቷን ከውስጧ አታመነጭም፤ ከፀሐይና ከመሬት ትወስዳለች። ይህች ባለ ነጠብጣብ ኤሊ የቆላ ሣርና ቁጥቋጦ አገር ልጅ ናት። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መካነ ሰላም ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። የእኛን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ጋቢ ደርበን እሳት እንሞቃለን። እርሷ ስትበርዳት የበላችው አይፈጭም፤ ሆዷ ውስጥ ይበላሻል። ቀጥሎ አፍንጫዋ ይዝረበረባል፣ ትንፋሿ ያፏጫል፣ ሳንባዋ ይታመማል። ይህ ዓይነቷ ኤሊ ብርድ ሲመጣ ለወራት አንቀላፍታ የምታሳልፍ አይደለችም። ሰው ግን «ተኝታለች» ብሎ ይተዋታል። አንድ ቀን ሲነካት ሞታለች።

ምግቧም ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚወደውን ይሰጣታል፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ሙዝ። የእርሷ ቀለብ በአብዛኛው ሣርና የዱር ቅጠል ነው። በዳቦና በእንጀራ የምትኖር ኤሊ ሆዷ ይታወካል፣ ቅርፊቷም ይጣመማል።

ፀሐይም ያስፈልጋታል፤ በመስኮት መስታወት ያለፈ ሳይሆን በቀጥታ ያረፈባት። በጨርቅ ተጠቅልለው ከቤት ሳይወጡ የሚከርሙ ሕፃናት እግራቸው የሚጎብጠው ለምን እንደሆነ በጤና ጣቢያ ስንት ጊዜ አስተምረናል! ያለ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ የለም፤ ያለ ቫይታሚን ዲ አጥንት አይጠነክርም። የኤሊም እንዲሁ ነው። ድንጋይ የምንለው ቅርፊቷ ድንጋይ አይደለም፤ ከጎድን አጥንቷና ከአከርካሪዋ ጋር የተያያዘ ሕያው አጥንት ነው። በሳጥን የምታድግ ኤሊ ቅርፊቷ ይለሰልሳል። አንዳንዱ ደግሞ እንዳትጠፋበት ቅርፊቷን በስቶ በሲባጎ ያስራታል። የሰውን አጥንት ያለ ማደንዘዣ እንደ መብሳት ነው። የማትጮኸው ስላላመማት ሳይሆን የምትጮህበት ድምፅ ስለሌላት ነው።

ስንት ዓመት?

ውሻ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ይህች ኤሊ ግን 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ስታድግም 40 ሴንቲሜትር ያህል ልትረዝም፣ ወደ 20 ኪሎ ልትመዝን ትችላለች። ከሌላ ዘር የሆኑ ኤሊዎች ዕድሜማ ከዚህም ያስገርማል። ሴንት ሄሌና በምትባለው ደሴት የሚኖረው ጆናታን የተባለው ግዙፍ ኤሊ እዚያ የደረሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ነው፤ ያኔም ያደገ ነበር። በእኛ ታሪክ ስናሰላው አፄ ዮሐንስ እዚሁ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ካደረጉ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህ ኤሊ ከ140 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበር።

ለልጅ ልጄ ይህን ሳስረዳው «እማማ፣ እኔ ስሸመግል ትኖራለች ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ ሥራ ፍለጋ አገር ስትቀይር፣ ስታገባ ማን ያበላታል? የእኔን ዕድሜ ታውቀዋለህ። ልጁ ዝም አለ። በዘጠኝ ዓመት ጉጉት የ50 ዓመት ኃላፊነት አይገባም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

ሕጉስ?

ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። በአገራችን ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መነገድ ክልክል ነው፤ በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። አገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ ሳይተስ የተባለው የዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አባል ናት፤ ይህች ኤሊም በዚያ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ከሚደረግበት እንስሳት መካከል ናት። ስለዚህ «አስፋልት ላይ አገኘኋት» ማለት የእኔ ናት ለማለት አያበቃም።

መንገድ ላይ ኤሊ ካገኛችሁ ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። መኪናችሁን በጥንቃቄ አቁሙ፤ ኤሊዋን በሁለት እጃችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙና ፊቷን ወዳዞረችበት ወገን አሻግራችሁ ተዉአት። ወደ ኋላ ከመለሳችኋት እንደገና ትሻገራለች። ከፍ አድርጋችሁ አታስደንግጧት። ስትደነግጥ ያጠራቀመችውን ሽንት ትለቃለች፤ በበጋ ለቆላ ኤሊ ያ ውኃ ስንቋ ነው። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ።

ቀድሞውኑ ቤታችሁ ካለች

አውጥታችሁ አትጣሏት፤ ያገኛችሁት ጫካ ውስጥም አትልቀቋት። በአቅራቢያችን ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ ብላችሁ እዚያ ብትለቋት፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ አገር ለእርሷ የብርድ ሞት ነው። ከሰው ጋር የቆየች ኤሊ ደግሞ ለዱሮቹ በሽታ ልትወስድ ትችላለች። ለወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቁ። እስከዚያው ድረስ፦

ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይንካት። ሕፃን ካለበት ክፍል፣ ከማድ ቤትና ሊጥ ከሚቦካበት ቦታ ትራቅ። የእርሷ ሳህንና ሳፋ ለብቻው ይሁን፤ ውኃዋ ሽንት ቤት ይደፋ እንጂ የጎመን መደብ ላይ አይፍሰስ። የነካት ሁሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠብ። መሳም፣ ፊት ላይ ማስጠጋት አይገባም።

ቤት ውስጥ ኤሊም ሆነ ዶሮ ኖሮ ልጅ ተቅማጥ ከያዘው፣ እንስሳው መኖሩን ለጤና ባለሙያው ንገሩ፤ ካልነገራችሁት አይጠይቃችሁም። ኦ.አር.ኤስ. አንዱን ፓኬት ተፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ በጥብጡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ድፉት። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ በማንኪያ ስጡት። ጡት አታቋርጡ። የዚንክ ኪኒኑን ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘላችሁን ቀን ጨርሱ። በራሳችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ።

መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከፈዘዘና ዝም ካለ፣ አንድ ደቂቃ ሳታባክኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ከታየም እንዲሁ። ትኩሳት ያለበት ጨቅላ ደግሞ እነዚህን ምልክቶች እስኪያሳይ አይጠበቅም።

የእኛዋስ ምን ሆነች?

ለወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ነገርኩ። መጥቶ አያት። የተነሣችበት ቦታ በውል ስለሚታወቅ፣ ቀናት ብቻ ስለሆናትና ከሌላ ኤሊ ጋር ስላልተቀላቀለች ወደዚያው ትመለስ አለ፤ ኬላ ላይ የሚያሳየው ደብዳቤም ለሾፌሩ ጻፈለት። ሾፌሩ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። «ሲስተር፣ እኔ ለልጁ ብዬ እኮ ነው» አለኝ። «ልጄ፣ አንተማ ከጎማ ሥር አድነሃታል። አሁን ደግሞ ከእኛ አድናት» አልኩት። ሳቀና ካርቶኑን ተቀበለኝ።

ልጁ አለቀሰ። ሲያለቅስ ማየት ከበደኝ እንጂ አልፈራሁም፤ የሚያለቅስ ልጅ ጉልበት አለው። ሳፋውን በሳሙና አጥቤ፣ የፈላ ውኃ ደፍቼበት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ለሕፃኗ ግን ሌላ ገዛን።

በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ደወለ። ስልኩን ለልጁ ሰጠሁት። ከአስፋልቱ ራቅ አድርጎ ግራር ሥር እንዳስቀመጣት፣ ጥቂት ቆይታ አንገቷን አውጥታ ወደ ቁጥቋጦው እንደሄደች ነገረው። ልጁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «ጋሼ፣ ቶሎ ቶሎ ሄደች ወይስ ቀስ ብላ?»

«ከሰጠሁህ ቀን ይልቅ ትፈጥን ነበር» አለው።

ቸር እንሰንብት።